ምዕራፍ ሰባት፦ ባሕር የሌለው ባሕር ኃይል ምን ዓይነት መርከብ ይሻለዋል?

ስለ ጦር መርከብ የሚያወራ ምዕራፍ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት መጀመሩ ግር ሊል ይችላል። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ የጅቡቲ ወደብ ከዚያ በአየር መስመር እንኳ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ጸበል ሊጠመቅ የሚወጣ ምእመን የሚያየው ደንና ጭጋግ ብቻ ነው። ነገር ግን ያንን ደን ያለበሰው ዛፍ «ባሕር ዛፍ» ይባላል፤ በምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ መጥቶ የተተከለ ነውና። በአማርኛ ውጭ አገር ማለት ባሕር ማዶ ማለት ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ደግሞ እመቤታችን ከምትጠራባቸው ስሞች አንዱ ሐመረ ኖኅ፣ የኖኅ መርከብ ነው። ደገኛው መርከብ በዓይኑ ባያይም በጸሎቱ ሲጠራው ኖሯል። ውሃውም የራሱ ታሪክ አለው። እንጦጦ የውሃ መክፈያ ጀርባ ነው፤ በሰሜን ገጹ የዘነበው ወደ ዓባይ ተፋሰስ ይሄድና መጨረሻው ሜዲትራኒያን ይሆናል፣ በደቡብ የሚወርደው በቀበናና በአቃቂ አድርጎ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ግን ባሕር አይደርስም። በጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ እዚያው ይቀራል። የአገሪቱ ገቢና ወጪ ዕቃ በአብዛኛው ይህንኑ ወንዝ ተከትሎ በአዋሽ፣ በሚሌና በጋላፊ እየተጓዘ ወንዙ ከቆመበት ድንበር አልፎ ነው ጨው ውሃ የሚያገኘው። የዚህ ምዕራፍ ጥያቄ ከዚያ በኋላ ስላለው ጉዞ ነው፤ ዕቃው ባሕር ላይ ሲወጣ ማን ይጠብቀው? በምን ዓይነት መርከብ?

ጥያቄው ዳግም የተነሣው በ2010 ዓ.ም. መገባደጃ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ኢትዮጵያ ወደፊት ባሕር ኃይል ልትገነባ ይገባል ሲሉ ለጦር መኮንኖች ተናገሩ። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን አዲስ አበባ ሲመጡ የተፈረመው የመከላከያ ስምምነት ባሕር ኃይሉን ማገዝን ጨመረ። ከዚያ ወዲህ ጉዳዩ በየሻይ ቤቱ ጭምር ሲነሣ የሚሰማው ክርክር ሦስት መልክ አለው። አንዱ ወገን ትልቅ አገር ትልቅ መርከብ ይገባታል፣ ፍሪጌት ይገዛ ይላል። ሌላው የፍሪጌት ዘመን አልፏል፣ ሚሳይል ጀልባና ሰው አልባ ጀልባ ይበቃል ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ወደብ ለሌለው አገር መርከብ ምን ይሠራለታል ብሎ ይስቃል። በእኔ እይታ የሦስቱም ስሕተት ከአንድ ቦታ ይነሣል፤ ሦስቱም ከመርከቡ ይጀምራሉ። መጀመር ያለበት ግን ከሥራውና መርከቡ ከሚታሰርበት ቦታ ነው። ሁለቱን አስቀድሞ የጠየቀ ሰው የሚደርስበት መልስ ፍሪጌትም ሚሳይል ጀልባም አይሆንም፤ ማንም ፎቶ የማያነሣለት፣ ረጅም ጊዜ ባሕር ላይ መቆየት የሚችል መካከለኛ የጥበቃ መርከብ ነው።

ይህን ለመረዳት የጦር መርከብ ምን እንደሆነ ማየት ይጠቅማል። መርከብ የተንሳፈፈ ምሽግ ይመስላል፤ ለነዳፊው ግን ከሁሉ በላይ የክብደት ሒሳብ ነው። የተወሰነ ቶን አለ፤ እሱን ለሞተር፣ ለነዳጅ፣ ለመሣሪያ፣ ለመኝታ፣ ለምግብና ለመጠጥ ውሃ ማካፈል ያስፈልጋል። ለአንዱ የጨመረ ከሌላው ይቀንሳል። ፍጥነት በተለይ ውድ ነው፤ የአንድን መርከብ ፍጥነት እጥፍ ለማድረግ የሞተሩ ጉልበት ስምንት እጥፍ ገደማ መጨመር አለበት። ስለዚህ በጣም ፈጣን ጀልባ ማለት ሆዱ በሞተር የተሞላ፣ ነዳጁ ቶሎ የሚያልቅ፣ ባሕረኛው ተቀምጦ የሚያንቀላፋበት ጀልባ ነው። ቅርጹም ቢሆን የሚሠራበትን ባሕር ይመስላል። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ካሌብ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ሒምያርን በወጋበት ዘመን የነበረው የቢዛንታይን ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ በዚያ ባሕር የሚመላለሱት መርከቦች በብረት ምስማር ሳይሆን በገመድ የተሰፉ መሆናቸውን ጽፏል። በጊዜው ሰዎች ምክንያቱ ምስማር የሚነቅል ማግኔት ዐለት ነው ይሉ ነበር፤ እሱ ግን ይህን ተረት አልተቀበለውም። የተሰፋ ጀልባ ኮራልና አሸዋ ላይ ሲያርፍ ይለመጣል እንጂ በቀላሉ አይሰነጠቅም፤ ወደብ ባልተሠራበት ዳርቻ ለሚያርፍ ነጋዴ የሚስማማው እንዲህ ያለው ነው።

ዘመናዊቷ ኢትዮጵያ መልሱን በመጀመሪያው ሙከራዋ አግኝታው ነበር ማለት ይቻላል፤ ግማሹን በዕድል ቢሆንም። ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ስትቀላቀል አገሪቱ ረጅም የባሕር ዳርቻ አገኘች፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ምፅዋ ላይ የባሕር ኃይል ሰፈርና ኮሌጅ ተቋቋመ፤ በማሠልጠኑ የኖርዌይ መኮንኖች እጅ ነበረበት። በጥር 1954 ዓ.ም. አሜሪካ ትልቋን መርከብ በውሰት ሰጠች። መርከቧ «ኦርካ» ትባል ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፓሲፊክ ያገለገለች፣ በውሃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን የምትረዳ መርከብ ነበረች። ስሟ «ኢትዮጵያ» ተባለ፤ የጎን ቁጥሯ «ኤ 01» ሆነ። ርዝመቷ 95 ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው፤ ባዶ ክብደቷ 1,766 ቶን። የዚህ ዓይነት መርከቦች የተነደፉት በትናንሽ ወደቦችና በደሴቶች ዳር ገብተው እንዲሠሩ ነበርና ወደ ውሃው የሚጠልቁት ብዙ አልነበረም፤ 4 ሜትር ገደማ። ሆዳቸው ውስጥ ወርክሾፕ፣ የነዳጅ ማከማቻ፣ ለአውሮፕላን ሠራተኞች የተሠራ ትርፍ መኝታ ነበር። ምፅዋ ስትደርስ የምትረዳው አውሮፕላን አልነበራትም። ትርፉ አልጋ ላይ ግን ተማሪ ተኛበት። ዕጩ መኮንኖች በእሷ ላይ ሆነው ባሕር ተማሩ፤ ወርክሾፗ ለትናንሾቹ ጠባቂ ጀልባዎች ጠቀመ፤ በየዓመቱ ምፅዋ ላይ በሚከበረው የባሕር ኃይል ቀን የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የሶቪየት መርከቦች ሲመጡ አጠገባቸው ስትቆም አታሳፍርም ነበር። ለውጊያ ስትመዘን ደካማ ነች፤ ይህ እውነት ነው። ለተሰጣት ሥራ ግን ልኳ ነበረች።

ሁለተኛው ምዕራፍ የደርግ ነው፤ እዚህ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል፣ ትምህርቱ መራራ ነውና። ንጉሣዊውን ባሕር ኃይል ሲመሩ ከነበሩት አንዱ ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ በኅዳር 1967 ዓ.ም. ከተገደሉት ባለሥልጣናት መካከል ነበሩ። አቅጣጫው ወደ ሞስኮ ዞረ፤ መርከቦቹም ተከተሉ። ሁለት የፔትያ ዓይነት ፍሪጌቶች መጡ፤ አንዱ «ዘርዓይ ደረስ» ተባለ። የኦሳ ዓይነት ሚሳይል ጀልባዎች መጡ፤ እያንዳንዳቸው አራት ትላልቅ ሚሳይል የተሸከሙ። የሚሳይሉ ዝና ቀድሞት ደርሶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1967 ግብፅ የእስራኤልን የጦር መርከብ «ኤይላት» ያሰመጠችው በዚሁ ዘር ሚሳይል ከትንሽ ጀልባ ተኩሳ ነው፤ 47 ባሕረኞች ሞተዋል። በወረቀት ላይ የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል እንዲህ በርትቶ አያውቅም። ግን ፔትያ ምን ልትሠራ ነው የተነደፈችው? ባሕር ሰርጓጅ ልታድን። ኦሳስ? ከአድማስ ባሻገር ያለ ትልቅ የጦር መርከብ ልትመታ። የዚያን ጊዜው ጠላት ሻዕቢያ ነበር፤ ሰርጓጅም ትልቅ መርከብም አልነበረውም፤ የነበረው ፈጣን ትናንሽ ጀልባዎች ናቸው። ትልቅ የብረት አካል ፈልጎ የሚበር ሚሳይል በማዕበል መካከል ለሚሾልክ ጀልባ አይሆንም። የመርከቦቹ ንድፍ የሶቪየት ኅብረትን ጥያቄ ይመልሳል፤ የምፅዋን ጥያቄ አይመልስም። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለው ተረት እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ሻዕቢያ ምፅዋን በየብስና በባሕር ሲያጠቃ ትናንሾቹ ጀልባዎች የጥቃቱ አካል ነበሩ፤ ከተማዋ ወደቀች፤ ባሕር ኃይሉም ዋና መኖሪያውን አጣ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ከውጊያው ይልቅ ለክርክራችን ይጠቅማል፤ የሚተረከው ግን እምብዛም ነው። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ መርከቦቹ ባሕር ማዶ ተሻገሩ፤ አብዛኞቹ የመን ገቡ። ባሕር ኃይሉ ወደብ አልነበረውም፤ ግን ሕልውናው በወረቀት ቀጠለ። «ኢትዮጵያ» የመን ላይ እንደቆመች እ.ኤ.አ. በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። በዚያው ዓመት የመን የቀሩትን አስወጣች፤ ጅቡቲ ገቡ። መርከብ ቆሞም ይበላል፤ የመልሕቅ ቦታ ኪራይ አለው፣ ጠባቂ ይፈልጋል፣ ዝገቱ አያርፍም። ዕዳው ተጠራቀመ፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ጅቡቲ የወደብ ክፍያ ስላልተከፈላት መርከቦቹን ይዛ ለጨረታ አወጣች። ባሕር ኃይሉ በጥይት ሳይሆን በሒሳብ ደብዳቤ አበቃ። ከጨረታው ውስጥ አንድ ዝርዝር ልብ ይባል። የቀይ ባሕርን ዳርቻ የወረሰችው ኤርትራ የወሰደችው አራት ብቻ ነው፤ አንድ ኦሳና ሦስት አሜሪካ ሠራሽ ትናንሽ ጠባቂ ጀልባዎች። ሌላው ሁሉ ለብረት ሄደ። ያንን ዳርቻ በቅርብ የሚያውቅ ገዢ ከአራቱ ሦስቱን ጠባቂ ጀልባ አደረገ።

እንግዲህ ሥራው ምንድን ነው? የኢትዮጵያ የውጭ ንግድ ከመቶ ዘጠና በላዩ በጅቡቲ በኩል ያልፋል። ማዳበሪያው፣ ነዳጁ፣ ስንዴው፣ የፋብሪካ ዕቃው ወደ ጅቡቲ የሚደርሰው በባብ ኤል መንደብ ወይም በኤደን ባሕረ ሰላጤ ነው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ የሚያውለበልብ የንግድ መርከብ ድርጅት አለ፤ መርከቦቹ ዛሬም አሉ፤ በርካቶቹ የኢትዮጵያ ከተሞችን ስም ይዘው ይጓዛሉ። ወደብ የሌለው አገርም መርከቡን በራሱ ሰንደቅ ዓላማ የማስመዝገብ መብት እንዳለው ዓለም ከእ.ኤ.አ. 1921 የባርሴሎና መግለጫ ጀምሮ ተቀብሎታል። እ.ኤ.አ. ከ2008 በኋላ የሶማሊያ ዳርቻ ወንበዴዎች ባሕሩን ሲያምሱ የሚጠብቁት የአውሮፓ፣ የአሜሪካ፣ የቻይና፣ የህንድ መርከቦች ነበሩ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በጥር 2009 ጅቡቲ ላይ የተፈረመውን ፀረ ውንብድና የሥነ ምግባር ደንብ ከመጀመሪያዎቹ ፈራሚዎች ጋር ፈርማለች። ፈርማለች፤ የምትልከው መርከብ ግን አልነበራትም። ስለዚህ የሚታየው ሥራ ይህ ነው፦ የንግድ መርከብ አጅቦ ማሳለፍ፣ የተጠረጠረ ጀልባ አስቁሞ መፈተሽ፣ ሲሰምጥ ደርሶ ማዳን፣ ከሃያ ዓመት በላይ ሥራው ተቋርጦ የነበረውን ሙያ ባሕረኛ ማስተማር። በየመን በኩል ወደ ዓረብ አገር ሲሻገሩ ጀልባ ተገልብጦ የሚያልቁት ወጣቶች ስንቶቹ የእኛ ልጆች እንደሆኑ የሚያስብ ሰው የማዳኑን ሥራ ትንሽ አይለውም።

የሚታሰርበት ቦታ ሁለተኛው ጥያቄ ነው፤ ሕጉ እዚህ ላይ እንደሚታሰበው ለጋስ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ወደብ ለሌላቸው አገሮች ወደ ባሕር የመተላለፍ መብት ይሰጣል፤ መብቱ ግን ለሰው፣ ለሸቀጥና ለማጓጓዣ ነው፤ ዝርዝሩም ከመተላለፊያው አገር ጋር በሚደረግ ስምምነት ይወሰናል። የጦር መርከብን በጎረቤት ወደብ ማሳደር በዚህ አንቀጽ አይገኝም። ያ ራሱን የቻለ ፈቃድ፣ ራሱን የቻለ ውል ይፈልጋል። ስለዚህ የኢትዮጵያ መርከብ ለጊዜው እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ ሲገባ ጫማውን ያወልቃል። ጅቡቲ ውስጥ የፈረንሳይ፣ የአሜሪካ፣ የጃፓን፣ የጣሊያንና የቻይና ሰፈሮች አሉ፤ በዚያ ጎረቤት መካከል የምትገባ መርከብ ብዙ የማትጠልቅ፣ ጥቂት ሰው የሚበቃት፣ ነዳጇንና መለዋወጫዋን በቀላሉ የምታገኝ፣ አስተናጋጁን የማታስደነግጥ መሆን አለባት። ከሁሉም በላይ ደግሞ ወደብ በተዘጋባት ቀን ሳምንታት ባሕር ላይ መቆየት የምትችል። የየመኑ ታሪክ የተከሠተው መርከቦቹ ያለ ሰው ወደብ መኖር ስለማይችሉ ነው።

ሁለቱን መልሶች አንድ ላይ ሲያስቀምጡ የሚወጣው ልክ ከ80 እስከ 95 ሜትር፣ 2,000 ቶን ገደማ ነው። ከዚህ ያነሰ ጀልባ ከሰኔ እስከ መስከረም በሚነፍሰው የክረምት ነፋስ የኤደን ባሕረ ሰላጤንና የሕንድ ውቅያኖስን ማዕበል አይችለውም፤ ያን ጊዜ ወንበዴው ራሱ ያርፋል። እንግሊዞች አሁን የሚጠቀሙባቸው የሪቨር ዓይነት ሁለተኛ ምድብ የጥበቃ መርከቦች ለማነጻጸሪያ ይመቻሉ፦ 90 ሜትር ተኩል ርዝመት፣ 30 ሚሊ ሜትር መድፍ፣ ከአንድ ወር በላይ የሚያቆይ ስንቅና ነዳጅ፣ መርከቧን ለማንቀሳቀስ የሚበቃ 34 ያህል ሰው፣ ከዚያ በላይ ሃምሳ ወታደር ወይም ተማሪ የሚያስተኛ ቦታ። መሣሪያቸው ቀላል ነው ተብለው በአገራቸው ይተቻሉ። ለእኛ ግን የቀለለው መሣሪያ ነው ትርፉ አልጋ የሆነው። አንባቢ ልብ ብሎ ከሆነ ቁጥሮቹ የሚታወቁ ናቸው፤ በ1954 ዓ.ም. ምፅዋ የገባችው «ኢትዮጵያ» ልኳ ይኸው ነበር። ሠራተኛውም ከዜሮ አይጀምርም። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የባሕር ማሠልጠኛ የሚያወጣቸው መሐንዲሶችና መኮንኖች ዛሬ በውጭ ኩባንያ መርከቦች ማሽን ክፍል ውስጥ ይሠራሉ፤ ጥቁር ዘይት ያለበት ቱታቸው ከሰልፍ ልብስ ይልቅ ለዚህ ጉዳይ ይቀርባል።

ዓይኑ ደግሞ እዚሁ እንጦጦ ላይ ነው። ከኪዳነ ምሕረት ብዙ ሳይርቅ፣ በዚያው ሰንሰለት፣ የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ አለ፤ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ከቻይና የተወነጨፈችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት የምትታዘዘው ከዚህ ጣቢያ ነበር። ሳተላይቷ 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝን፣ ለእርሻና ለአየር ንብረት ጥናት የታሰበች ነበረች፤ ባሕር ጠባቂ አልነበረችም። ግን ሒሳቡን እንሥራው። የካሜራዋ አንድ ነጥብ መሬት ላይ 14 ሜትር ገደማ ይሸፍን ነበር። 90 ሜትር መርከብ በምስሉ ላይ ከስድስት ወይም ሰባት ነጥብ አያልፍም፤ የወንበዴ ፈጣን ጀልባ ጭራሽ አይታይም። ደመና ሲኖር ሁለቱም የሉም። ትላልቅ የንግድ መርከቦች ስማቸውንና ቦታቸውን በራሳቸው ሬዲዮ ያሰራጫሉ፤ ይህንን መቀበል ከካሜራ ይልቅ ርካሽ ነው፤ ክፉ ሐሳብ ያለው ጀልባ ግን አያሰራጭም። ስለዚህ ከላይ የሚታየው ንግዱ ነው፤ ጠላፊውን ለማየት ባሕሩ ላይ ራዳር የያዘ መርከብና ከጀርባው የሚነሣ ትንሽ ድሮን ያስፈልጋል። እንጦጦና መርከቡ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላሉ፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። በጥቂት ገንዘብ ሊጀመር የሚችለው ግን የእንጦጦው ነው፤ ተንታኝ ለማሠልጠን ወደብ አያስፈልግም።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ። ጠንካራው የድሮን ተቃውሞ ነው። ጥቁር ባሕር ላይ ትልቅ የጦር መርከብ የሌላት ዩክሬን የሩሲያን መርከብ «ሞስክቫ» እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 በሚሳይል አሰመጠች፤ በ2024 መጀመሪያ ወራት ደግሞ «ኢቫኖቬትስ»ንና «ቄሳር ኩኒኮቭ»ን በሰው አልባ ጀልባ። እዚሁ ጎረቤታችን የመን ያሉት ሁቲዎች እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2023 ጀምሮ የንግድ መርከቦችን በድሮንና በሚሳይል ሲመቱ የዓለም ትልልቅ መርከብ ኩባንያዎች አቅጣጫቸውን ቀይረው በደቡብ አፍሪካ ዞረው መሄድ ጀመሩ። ታዲያ ርካሹን ገዝተን ለምን አንገላገልም? የዚህ ክርክር አባት አዲስ ሰው አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ የፈረንሳዩ አድሚራል ኦብ ትንሽ ቶርፒዶ ጀልባ ትልቁን መርከብ ከንቱ ታደርገዋለች ብሎ ነበር። ግማሽ እውነት ነበረው፤ ዛሬም ግማሽ ነው። ድሮን ባሕርን ይከለክላል። ባሕርን መጠበቅ ግን ሌላ ነገር ነው። ሁቲዎች ባብ ኤል መንደብን ለሌላው አደገኛ አደረጉት እንጂ አንዲት የማዳበሪያ መርከብ በሰላም አላሳለፉበትም። የኢትዮጵያ ችግር ዕቃዋ እንዲያልፍ እንጂ የሌላው እንዳያልፍ አይደለም። ሰው አልባ ጀልባ የሰመጠ ሰው አያወጣም፤ የተጠረጠረ ጀልባ ውስጥ ገብቶ ሰነድ አይመረምርም። በሌላ በኩል መቀበል ያለብኝ አለ፤ እኔ የማቀርበው መርከብ ባለስቲክ ሚሳይል አይመክትም። በዚያ ዓይነት ጦርነት መካከል የሚያልፍ መርከብ አብሮ ከሚጓዝ ዓለም አቀፍ ኃይል ጥላ ሥር መግባት አለበት። ፍሪጌት ብንገዛም ይህ አይለወጥም፤ ርካሽ ድሮንን በውድ ሚሳይል የመምታት ሒሳብ አሜሪካንም አስጨንቋታል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የክብር ነው፤ እሱንም አልንቀውም። ሰንደቅ ዓላማ በባሕር ላይ ሲታይ ዋጋ አለው፤ የምፅዋው የባሕር ኃይል ቀን የተደረገው ለዚህ ነው። ነገር ግን የመርከብ ቅርጽ ለጎረቤት የሚያስተላልፈው ቃል አለ። ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከሶማሌላንድ ጋር የተፈረመው የመግባቢያ ሰነድ 20 ኪሎ ሜትር ዳርቻን ለሃምሳ ዓመት ስለ መከራየትና ስለ ባሕር ኃይል የሚያወሳ ነበርና መቋዲሾን አስቆጣ፤ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው አንካራ ላይ ሌላ መግለጫ እስኪወጣ ነገሩ አልበረደም። በዚያ ስሜት መካከል ሚሳይል ጀልባ ማስገባትና የጥበቃ መርከብ ማስገባት አንድ አይደሉም። አንዲቱ የመጣችበትን መሣሪያዋ ይናገራል፤ ሌላዪቱ ከጎረቤት ጠባቂዎች ጋር አብራ ልትወጣ፣ የጎረቤትን ዓሣ አጥማጅ ልታወጣ ትችላለች። የአሜሪካም ልምድ ስለ ክብር ያስተምራል፤ ሊቶራል የተባሉትን ፈጣን መርከቦች ሞጁል በመቀያየር ሁሉን ሥራ እንዲሠሩ ብላ ነደፈች፤ ከመካከላቸው «ሱ ሲቲ» አምስት ዓመት ሳትሞላ እ.ኤ.አ. በ2023 ከአገልግሎት ወጣች። ሁሉን ልሥራ ያለ መርከብ ዋጋው ከሥራው ይበልጣል። ሀብታም አገር ስሕተቱን ወደ ጎን አስቀምጦ ይቀጥላል፤ እኛ ጋ አንድ ስሕተት ሠላሳ ዓመት ይፈጃል።

ሳቂዎቹስ? ወደብ የሌለው ባሕር ኃይል በዓለም ላይ ብርቅ አይደለም። ቦሊቪያ ዳርቻዋን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለቺሊ ብታጣም ባሕር ኃይሏን በቲቲካካ ሐይቅና በወንዞቿ ላይ አኑራለች፤ ፓራጓይም በወንዝ ላይ። ሆኖም የቦሊቪያን ምሳሌ በሙሉ ልቤ አልጠቅሰውም፤ ብዙው ናፍቆት ነው፤ ናፍቆት ደግሞ የመርከብ ንድፍ አይወጣውም። የሳቂዎቹ እውነተኛ ነጥብ ገንዘቡ ነው፤ በዚህ እስማማለሁ። የአንድ መርከብ ግዢ ከዕድሜ ልክ ወጪው ትንሹ ክፍል ነው፤ ትልቁ ሠራተኛ፣ ነዳጅ፣ ጥገና ነው። ማንም በስጦታ ቢሰጠን እንኳ ስጦታው ያው በየወሩ ደረሰኝ ይልካል። ስለዚህ ሁለት መርከብ እንጂ አሥር አልልም፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት፣ አንድ ሞተር፣ አንድ መለዋወጫ፤ አንዷ ስትጠገን ሌላዋ ትወጣ።

ቅደም ተከተሉም ከዚህ ይወጣል። መጀመሪያ የሚፈረመው የመርከብ ግዢ ውል መሆን የለበትም። በጎረቤት ወደብ ውስጥ የመልሕቅ ቦታ፣ የመጠገኛ መድረክና የነዳጅ አቅርቦት የሚሰጥ፣ ክፍያው ለሃያ ዓመት የታወቀ፣ መንግሥት ቢቀየር የማይሰረዝ ውል ይቅደም። ቀጥሎ ባሕረኛው፤ ቀጥሎ የእንጦጦው ዓይን፤ መርከቡ አራተኛ ነው። የምክር ቤት አባላት የመርከብ በጀት ቀርቦላቸው ሲጨበጨብ ጭብጨባውን አቁመው የሚጠይቁት አንድ ነገር ይኑር፦ ይህ መርከብ የሚታሰርበት ገመድ የማን ነው? ያ ጥያቄ በ1983 ዓ.ም. ሳይጠየቅ ቀርቶ ነው ትልቋ መርከባችን የመን ላይ በብረት ዋጋ የተሸጠችው።